አዲሱን ጥርስ ያሳረፍንበት ዳገት

ትእዛዙ የደረሰን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሞላሌ ነው። መቶ አለቃችን ግርማ ወረቀት አላነበበም፤ ቆሞ ተናገረ። «ከጓሳ ወዲያ፣ ጉብታው ላይ አስራ አንድ ቁስለኞች አሉን። ያለን መኪና ይኸ ብቻ ነው። እስከ ዘጠኝ ተኩል መሐል ሜዳ የሕክምና ድንኳን ይግቡ።»

እኔ አስር አለቃ ነበርኩ፤ ሥራዬ ሹፌርነት። ዛሬ ልጆች ሲጠይቁኝ «ስንት ገደልክ?» ይላሉ። የመኪና መሪ ይዤ እንደዘመትኩ ስነግራቸው ፊታቸው ይጠቁራል፣ እንዳታለልኳቸው ሁሉ። አልፈርድባቸውም። ግን የጦር ሜዳ ነገር ከተነሳ እኔ የማውቀው ይህን አንድ ቀን ነው፤ እሱንም እንደነበረ እናገራለሁ።

ያ መኪና ጤነኛ አልነበረም። ከአራት ቀን በፊት የዲፈረንሻሉ ጥርሶች ተበልተው ቆሞ ነበር። የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያዞሩት እነዚያ ጥርሶች ናቸው፤ እነሱ ከሌሉ ሞተሩ ቢጮህ መኪናው ካለበት አይነቃነቅም። መካኒካችን ሃምሳ አለቃ ደምሴ አዲስ ጥርስ የገጠሙለት በዋዜማው ነው። የግሼ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ከመቶ አለቃውም ጋር ቢሆን ቃላቸውን የማያጥፉ።

«አዲስ ጥርስ ገና አልተዋወቀም» አሉት መቶ አለቃውን። «ዛሬ ባዶውን በቀስታ ይሄዳል፤ ሲግል ይቆማል፣ ይበርዳል፣ እንደገና ይሄዳል። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ካልተገራ ዘይቱ ይቃጠልና ጥርስ ጥርሱን ይበላዋል።»

«ሃምሳ አለቃ፣ ሰው እየሞተ ነው።»

«አውቃለሁ። አንተስ የገበሬ ልጅ አይደለህም? ወይፈን ስታቀና በመጀመሪያው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ትጠምደዋለህ?»

ባለፈው ወር ሌላው መኪናችን አዲስ ጥርስ በገባለት ማግስት ሙሉ ጭኖ ዳገት ሲወጣ እዚያው ቀርቷል። መቶ አለቃውም እኛም አልረሳነውም። «እንግዲያው አብረውት ይሂዱ» አለ በመጨረሻ። «መቆሚያውን እርስዎ ይወስኑ።»

ወጣን። ጋቢና ውስጥ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ሃምሳ አለቃ ደምሴና አልማዝ የምትባል የሕክምና ወታደር። በየግማሽ ሰዓቱ ሃምሳ አለቃ «ቁም» ይላሉ። ወርደው ከመኪናው ሥር ይገቡና መዳፋቸውን ዲፈረንሻሉ ላይ ለጥፈው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። እጃቸው ጸሎቱ መሐል እስካለው «ሲሳየነ» ከቻለ እንሄዳለን። ከዚያ ሳይደርሱ ካቃጠላቸው ሃያ ደቂቃ እንቆማለን። የሙቀት መለኪያቸው ይኸው ነው። መጀመሪያ ስቄ ነበር። «ሳቅ» አሉኝ፤ «መለኪያ ካለህ አምጣና እኔም ልሳቅ።»

ጓሳ ላይ ስንቆም ሃምሳ አለቃ ሳንጃቸውን መዘው ሳር ማጨድ ጀመሩ፤ ለቁስለኞቹ መኝታ። «ኧረ ሳሩ ዝግ ነው!» አልኩ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። የአገር ሽማግሌዎች የጓሳን ሳር እንዳይታጨድ በዘጉበት ዘመን አንዲት ነዶ ያጨደ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አባቴ ስለተቀጣበት አውቃለሁ።

«ሽማግሌዎቹ ከጠየቁ ደምሴ አጨደው በላቸው።»

እኔም ወርጄ አጨድኩ። ጥይት ሲያፏጭ ቀና ብዬ የምነዳ ሰው፣ ሳር ሳጭድ ግራ ቀኙን አየሁ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጉብታው ሥር ደረስን። ሞርታር ይወድቅ ነበር። አንዱ ከኋላችን ወደቀ፣ አንዱ ከጎን። ሞተሩን አላጠፋሁም። ጓዶች ቁስለኞቹን በቃሬዛ እየሮጡ አወረዷቸው። አንድ ቃሬዛ ተሸካሚ መንገድ ላይ ተመትቶ ወደቀ፤ ሌላ መጥቶ ቦታውን ያዘ። ሰባት ሰዓት ላይ አስራ አንዱም ተጭነው ነበር።

ከአስራ አንዱ አንዱ ሥዩም ነው። የዓለም ከተማ ልጅ ነው፤ ከመዝመቱ በፊት የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሥልጠና ላይ አንድ ብርድ ልብስ ተካፍለን ተኝተናል፤ የኔን ድርሻ እየጎተተ ሌሊቱን ሙሉ ያስበርደኝ ነበር። ሆዱን ተመትቷል። ሲያየኝ «ዛሬስ ማን ነጂ ሆኖ ነው!» አለ። ልስቅለት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ተያያዝነው። ሲወርድ ባዶ የነበረ መኪና አሁን ሰው ጭኖ ይወጣል፤ ብረቱ ቶሎ ይግላል። ሰባት ተኩል ሳይሞላ ቆምን። ቁስለኞቹ ጮኹ። «ለምን ቆማችሁ? ልታስጨርሱን ነው?» ሃያ ደቂቃ ቆጥረን ተነሳን።

ለሁለተኛ ጊዜ የቆምነው ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ዳገቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። አልማዝ ከኋላ ወርዳ ወደ እኔ መጣች። «የሥዩም ደም ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሰ ነው። እኔ የማደርግለት የለኝም። አሁኑኑ ካልሄድን አይደርስም።»

ሃምሳ አለቃ ከመኪናው ሥር ወጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቆይ እኔ ልየው» አልኩ። ገባሁ። መዳፌን ለጥፌ ጸሎቱን ጀመርኩ። ገና መጀመሪያው፣ «ትምጻእ» ላይ ስደርስ እጄ ተቃጠለ። አላነሳሁትም። ጥርሴን ነክሼ ቀጠልኩ፤ «ሲሳየነ» ድረስ ብቻ ልድረስ፣ ደርሷል ብዬ ልንዳ። ሃምሳ አለቃ ጎንበስ ብለው አዩኝና ክንዴን ይዘው አወጡኝ። መዳፌ ተልጦ ነበር።

«እጅህን ብታታልለው ብረቱን አታታልለውም» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም። «አስሩን እዚህ ዳገት ላይ ብናስቀራቸው ማን ያወርዳቸዋል? ብርዱ ብቻ ይጨርሳቸዋል።»

ወደ ኋላ ሄጄ የጭነቱን በር ይዤ ቆምኩ። ሥዩም ሳሩ ላይ ተጋድሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሁሉንም ሰምቷል።

«አዲስ ጥርስ ነው?» አለኝ።

«ትናንት የገባ።»

«እጅህ የት ድረስ ቻለ?»

«ትምጻእ ላይ።»

እሱም ሹፌር ነው፤ ልዋሸው አልችልም ነበር። «አሳርፈው» አለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። አልማዝ እጁን ያዘች። እኔ እዚያው ቆሜ ሰዓቴን አየሁ። ነፍሱ የወጣችው ሃያው ደቂቃ ሊሞላ ሦስት ሲቀረው ነው። ሦስቱን ደቂቃም ቆምን። ከዚያ ነዳሁ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ መሐል ሜዳ ድንኳኑ በር ላይ አቆምኩ። አስር ሕያዋን አስረከብን፣ አንድ አስከሬን። በማግስቱ ጠዋት ተሰልፈን ስም ተጠራ። ከክፍላችን አርባ ሁለት ሰዎች ዘጠኙ አልመለሱም። ከሥዩም ስም መቶ አለቃው ቶሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። ቃሬዛ ይዞ የወደቀውን ልጅ ስሙን የሰማሁት ያኔ ነው። ከማዶ የሞቱትን የቆጠረልን የለም፤ እነሱንም እናት ወልዳቸዋለች።

ጥርሱ ተገራ። ሃምሳ አለቃ ከሦስት ቀን በኋላ ዘይቱን ቀየሩለት፤ መኪናው እስከ ጦርነቱ ማብቂያ አንድም ቀን አልቆመም። ከአስሩ ቁስለኞች የአንዱ ሰርግ ላይ ተገኝቻለሁ። ያን ዕለት ሳያርፍ ቢነዳ ጥርሱ ይሰበር ነበር? ሃምሳ አለቃን ብዙ ቆይቼ ጠየቅኋቸው። «ይሰበር ነበር» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና፣ «ይመስለኛል» አሉ።

የሥዩምን እናት ለማየት ዓለም ከተማ የሄድኩት ከተሰናበትኩ በኋላ ነው። አቀፉኝ፣ አለቀስን፣ ምግብ አቀረቡልኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ መንገድ ላይ ቆማችሁበት ነበር እንዴ?»

«የለም እማማ» አልኳቸው። «ሳልቆም ነው የነዳሁት።»

እግዜር ይስጥህ ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።