ሲሞቅ የሚጠፋው ሞተር

ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል፣ መኪና መጠገን ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ድንበሩን የተሻገርኩት ወጣት ሆኜ ነው። ጥቂት ዓመት በስደተኛ ወረቀት ከኖርኩ በኋላ ማንያታ ሰፈር ዳር በቆርቆሮ አጥሬ ጋራዥ ከፈትኩ። ሰው ሁሉ "ፈንዲ" ነው የሚለኝ፤ በስዋሂሊ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። የታወቅኩት ደግሞ በጆሮዬ ነው። ሞተር ሲነሳ ሰምቶ በሽታውን ይናገራል ይሉኛል። ብዙ ጊዜ ልክ ስለነበርኩ ወሬውን አላስተባበልኩም። እንዲያውም ሰው ሲሰበሰብ ዓይኔን ጨፍኜ ማዳመጥ ጀምሬ ነበር።

ያኔ ደንበኞቼ ከነበሩት አንዷ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። እዚሁ ኬንያ የተወለዱ ቦረና ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው ከነጋዴ እናታቸው ጋር ወደ ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ ሲመላለሱ አማርኛ ለምደዋል። ከተማው "ሲስተር" ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሥራ አልተዉም። በዙሪያው ካሉት መንደሮች፣ ከጎዶማም ከኦቦም፣ እየመጡ የሚጠሯቸው ብዙ ነበሩ። አሮጌ ነጭ ስቴሽን ዋገናቸውን እየነዱ ይሄዱና ያዋልዳሉ፣ የከበዳትን ደግሞ ጭነው ሆስፒታል ያደርሳሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ጋራዡ በር ላይ አቆሙና፣

"ፈንዲ፣ መኪናዬ ታሞብኛል" አሉኝ።

"ምን ሆነብዎት ሲስተር?"

"ሲሞቅ ይጠፋል። ኮፈኑን ከፍቼ ግማሽ ሰዓት ስጠብቀው ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነስቶ ይሄዳል። ሲጠፋ ደግሞ አይንተፋተፍም። ያ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ቀስት በአንዴ ዜሮ ላይ ዱብ ይላል።"

ያቺን የመጨረሻዋን ነገር አዳምጬ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ነዳጅ ያነሰው ሞተር እየሳለ፣ እየተጎተተ ነው የሚጠፋው። ቀስቱ በአንዴ ከወደቀ ግን ሞተሩ መዞሩን ለመኪናው ኮምፒውተር የሚናገረው ሴንሰር ዝም ብሏል ማለት ነው። ይህን አውቃለሁ። ግን ተናግረው ሳይጨርሱ ቁልፉን ተቀብዬ አስነሳሁት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ እንደ ድመት ያንኮራፋል። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"የነዳጅ ፓምፕ ነው" አልኩ።

ፓምፑን ለወጥኩ። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ፤ ያው ነው አሉ። በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን ውሃ አለበት አልኳቸውና ታንከሩን አጠብኩ፣ ፊልትሮውን ቀየርኩ። በየመንገዱ ከሚሸጡት መግዛት ያቁሙ ብዬም ተቆጣኋቸው። ከማደያ ብቻ እንደሚቀዱ ነገሩኝ። አላመንኳቸውም፤ ወይም ማመኑ አልተመቸኝም።

ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ጋራዡ ሞልቶ ነበር። ሁለቱ ሠራተኞቼ፣ ጎማ የሚያስቀይር የከባድ መኪና ሾፌር፣ ሻይ የምታመጣልን ሴትዮ፣ ሥራ ፈተው የተቀመጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሲስተር ከቦርሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ።

"እንደ በሽተኛ ካርድ ጻፍኩት" አሉ። "የጠፋበትን ሰዓት፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዶ እንደጠፋ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደተነሳ። አንብበውና ምን እንደሚመስልህ ንገረኝ።"

ከፈትኩት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው።

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልናገር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። አማርኛ አነባለሁ። እንግሊዝኛ ግን ቁጥሩን ብቻ ነው የማውቀው፤ የዕቃ ስም እንኳ የምለየው ጽሑፉን እንደ ሥዕል እየያዝኩ ነው። የሲስተር ጽሕፈት ደግሞ የሐኪም ቤት ጽሕፈት ነው፤ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ክር ይጠመጠማል። ቁጥሮቹ ይታዩኛል። በመካከላቸው ያለው አንዱም አልገባኝም። መደርደሪያው ሥር የመኪናን ኮምፒውተር የሚመረምር ማሽን በካርቶኑ ተቀምጧል። ገዝቼው አንድ ቀን ከፈትኩት፣ እንግሊዝኛ ሲደረድርብኝ መልሼ አሸግኩት። ሠራተኞቼን "ይሄ ጆሮ ለሌለው ነው" ብያቸው ነበር።

ሰዎቹ ሁሉ ያዩኛል። ሲስተር ይጠብቃሉ። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ያዝኩና፣

"ሲስተር፣ ይሄ እኮ መኪና ነው። ምጥ የያዘው መሰልዎት እንዴ?" አልኩ።

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። ሾፌሩ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ሻይ የምታመጣው ሴትዮ እንኳ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሲስተር አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው በዚያው በእጥፉ መልሰው አጠፉትና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"ታዲያ ምንም የለበትም ነው የምትለኝ?"

"ምንም የለበትም። ቀስ ብለው ይንዱት እንጂ።"

"እሺ። አንተ ካልክ" ብለው ሄዱ።

ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ አንድ የቦዳቦዳ ነጂ ሞተር ሳይክሉን እያስጮኸ ጋራዡ ውስጥ ገባ። ሲስተር ልከውት ነው። ከኦቦ ምጥ የጠናባት ሴት ጭነው ሲመጡ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞባቸዋል። ምንም ሳልጠይቅ ፒካፔን አስነሳሁ።

የኦቦን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ድንጋዩ እየዘለለ የፒካፑን ሆድ ሲደበድበው አንድ ሰዓት የፈጀብኝ መሰለኝ። መኪናውን አንድ ግራር ሥር አገኘሁት። አራቱም በሮች ተከፍተዋል፤ ፀሐይ የሚመታው በኩል በሌሶ ጨርቅ ተጋርዷል። ልጁ ተወልዷል። የወላዷ አማት፣ ቀጠን ያሉ ሴት፣ በሻሻቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ወጣቷ እናት የኋላው ወንበር ላይ ተዘርግታለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ሲስተር አንድ ጉልበታቸውን መሬት ላይ ተክለው በሁለት እጃቸው ሆዷን ይጫናሉ።

"ደሟ አልቆመም" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "እግሯን ያዝ። ቀስ።"

ፒካፑ ላይ ፍራሽ ነበረኝ። እዚያ ላይ አስተኛናት። ሲስተር እጃቸውን ከሆዷ ላይ ሳያነሱ አብረው ወጡ፤ አማትየዋ ልጁን እንደያዙ ከጎኔ ተቀመጡ። ፈጥኜ ስነዳ ከኋላ ጩኸቷን እሰማለሁ፤ ቀስ ስል ደግሞ ሲስተር "ንዳ!" ይላሉ። ሆስፒታል ስንደርስ ሮጠው አስገቧት። ደም ተሰጣት፤ ዳነች። ልጁም ደህና ነው። ይህን የሰማሁት ግን ግድግዳ ተደግፌ ብዙ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ሲስተር እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ወጡ። ስድባቸውን ጠበቅኩ። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር።

"ቁልፉ መኪናው ላይ አለ። አምጣው" ብቻ ብለውኝ ተመልሰው ገቡ።

የቦዳቦዳው ነጂ ወደ ግራሩ መለሰኝ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለነበር በአንድ ጊዜ ተነሳ። የኋላው ወንበር ላይ የደረቀውን ላለማየት መስተዋቱን ወደ ላይ አዞርኩት። አንድ ዳገት እየወጣሁ ሳለ፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ፣ ሞተሩ ጸጥ አለ። ቀስቱ ዓይኔ እያየ ዜሮ ላይ ወደቀ። ማስነሻው ሞተሪኖ ሞተሩን ያዞረዋል፣ ቀስቱ ግን ንቅንቅ አይልም። አንዱን ካንዴላ ፈትቼ ሞከርኩት፤ እሳት የለም። ከሞተሩ ታች፣ ቺንጋውን ከሚያዞረው ፑሊ አጠገብ፣ ዙር የሚቆጥረው የክራንክ ሴንሰር አለ። የምጠጣውን ውሃ ቀስ እያልኩ እሱ ላይ አፈሰስኩ። ጥቂት ጠብቄ ቁልፉን ሳዞር ተነሳ። ሲስተር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነገሩኝ ይህንኑ ነው። በአንዲት ቃል እንኳ አልተሳሳቱም።

በማግስቱ ጠዋት እስኪመጡ ድረስ ውሸት ሳዘጋጅ ነበር። "አዲስ ብልሽት ነው፣ ያኔ አልነበረም" ልላቸው ነበር። መካኒክ ይህን ቢል ማን ይመረምረዋል? ሲስተር መጡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው እንቅልፍ አላየም። ውሸቱ አፌ ውስጥ ደረቀ። ማሽኑን ከነካርቶኑ አውጥቼ አቧራውን ጠረግኩና አጠገባቸው አስቀመጥኩት።

"ሲስተር፣ ያን ዕለት ወረቀትዎን አላነበብኩትም።"

"አውቃለሁ።"

"አይ፣ አያውቁም። ማንበብ አልችልም። እንግሊዝኛ አላነብም። እንዳይታወቅብኝ ነው የሳቅኩብዎት።"

 ሠራተኞቼ መዶሻቸውን አቁመው ይሰማሉ።

"እኔም የአማርኛ ፊደል አላውቅም" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "አንተ ጽፈህ ብትሰጠኝ 'አንብብልኝ' እልህ ነበር። ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ የሰው ሕይወት አላስይዝም።"

 

ማሽኑን ከመሪው በታች ካለው ሶኬት ጋር አገናኘሁት። ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ያነቡልኝ ጀመር። "ፒ፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት" አሉ፤ ቀጥሎ ያለውን እየተረጎሙ፣ "የክራንክ ሴንሰር፣ የመስመሩ ችግር ይላል።" መስመሩ ከተባለ ሽቦውም ሊሆን ስለሚችል ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ በቴስተር፣ ለካሁት፤ ደህና ነው። ከዚያ ሴንሰሩን በዐሥር ቁጥር ቁልፍ ፈታሁት። ሙቀት አጣብቆት ስለነበር ግራና ቀኝ እያወዛወዝኩ አወጣሁት። አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ጎኑ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል።

ቀዝቃዛውን ስለካው ቴስተሩ ትክክለኛውን ቁጥር አሳየ። የፈላ ውሃ በብርጭቆ አስመጥቼ ጫፉን ነከርኩት። ቁጥሩ ጥቂት ከፍ አለ፣ ዘለለ፣ ከዚያ ጠፋ።

"ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል" አልኳቸው።

"እኔም ሲሞቅ ነው ያልኩህ" አሉ።

አዲሱ ከናይሮቢ በአውቶብስ እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠበቅን። ቀዳዳውን ጠርጌ፣ የጎማ ቀለበቱን ዘይት ቀብቼ አስገባሁት፤ ሽቦውን ከሚሞቀው ብረት አርቄ አሰርኩት። በመኪናው ኮምፒውተር የተመዘገበውን ስህተት ሲስተር የቱን መጫን እንዳለባቸው ራሳቸው አንብበው በማሽኑ አጠፉት። ከዚያ በቀትር እስከ ጎዶማ ደርሰን ተመለስን። እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ ዓይኔን ከቀስቱ ላይ አላነሳሁም። አልጠፋም። ከዚያን ቀን ወዲህ ማሽኑን አንደኛው ሠራተኛዬ ነው የሚያነብልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ማዳመጡንም ተውኩት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ሌላም አለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲስተር አራሷን ሊጠይቁ ኦቦ ሲሄዱ "ና" አሉኝ። ሄድኩ። ወጣቷ ከስታለች፤ ግን ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። አማትየዋ እንዳዩኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ወተት ለእኔ ቀድተው አቀረቡ፤ ከሲስተር አስቀድመው። ለእነሱ በፒካፕ የደረሰላቸው ሰው ነኝ። በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቁኝ፤ "ጋላቶሚ፣ ጋላቶሚ" እያሉ አመሰገኑኝ።

ሲስተር ወደ እኔ ዞረው፣ "'አንተ ባትደርስ ኖሮ ሁለቱም ይሞቱብኝ ነበር' ነው የምትለው" አሉ።

ኦሮምኛ እንደምሰማ ያውቃሉ። እያንዳንዱን ቃል ሰምቼዋለሁ። ቀስ ብለው፣ በአማርኛ ደግመው ነገሩኝና ጠበቁኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። አማትየዋ ፈገግ ብለው ያዩኛል። ወተቱን አንስቼ ጠጣሁት። ስንመለስ ሲስተር እስከ ከተማ ድረስ አላናገሩኝም።

ልጁ ዳዴ ማለት ሲጀምር አባቱ ሞተር ሳይክሉን ይዞ ጋራዤ መጣ። ሰንሰለቱ ላልቶበታል። እንደ ዘመድ ነው ሰላም ያለኝ። ቁልፉን ካነሳሁ በኋላ መልሼ አስቀመጥኩትና ነገርኩት። መኪናው የቆመው በእኔ ጥፋት እንደሆነ፣ ሦስት ጊዜ ተነግሮኝ እንዳልሰማሁ፣ በወረቀቱ እንደሳቅኩ፣ ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም።

"እናቴ ስትመርቅህ ዝም አልክ?" አለኝ።

"ዝም አልኩ።"

 የሞተር ሳይክሉን እጀታ ይዞ አዞረው። ሰንሰለቱ እንደላላ ፀሐይ ላይ እየገፋው እስከ ዋናው መንገድ ሲሄድ አየሁት። ላስቆመው አልደፈርኩም።