የእማማ ከድጃ ማማ

ትናንት ወልድያ ውስጥ፣ ከሥራ ወጥቼ ሆስፒታሉ በር ላይ ባጃጅ ስገባ ሹፌሩ ጥንቅሽ ይልጥ ነበር። «እንኪ ዶክተር፣ የሐብሩ ነው» ብሎ አንድ አንጓ ሰበረልኝ። ለማኘክ እንኳ አቅም አልነበረኝም። እጄ ላይ ይዤው ተቀመጥኩ። ሽታው ግን መርሳን አመጣብኝ።

ተማሪ ሳለን ለልምምድ ሐብሩ ውስጥ፣ መርሳ ሆስፒታል ተመድበን ነበር፤ ማሽላው በሚያሽትበት ወቅት። ሁላችንም ዝለን ታካሚውን በአልጋ ቁጥሩ መጥራት ጀምረናል። መምህራችን፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሐኪም፣ ዓርብ ዓርብ ማንጎው ጥላ ሥር ትሰበስበን ነበር። የበሽታውን ስም ሳንጠራ ስለ አንድ ታካሚ እንጽፋለን፤ ከዚያ ጮክ ብለን እናነባለን። ጓደኛችን ሀብታሙ «ክኒኑ ሲያልቅ ግጥም ልናዝ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። እኔ የምፈራው ማንበቡን ነበር።

እማማ ከድጃ የሳንባ ምች ይዟቸው ተኝተው ነበር። መርፌያቸው ሳያልቅ ልውጣ አሉ። ካቋረጡት ሊገድላቸው እንደሚችል ቢነገራቸውም አልሰሙም። ስለ እሳቸው ልጽፍ ፈልጌ አልጋቸው ዳር ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ቤት ማን አለ?»

«ወፍ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ማሽላዬ ላይ የሰፈረ ወፍ ነዋ! ወላሂ፣ እኔ እዚህ ድኜ ዓመቱን ምን ልበላ ነው?»

«ወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ የሚወጣ የለም?»

«አንዲት የእህት ልጅ አለችኝ። እሷ የምትጠብቀው ስልኳን ነው።»

«እርስዎስ ወንጭፍ ይችላሉ?»

«ይችላሉ ወይ ትላለች! የሰፈሩን ወንዶች ጠይቂያ!» ሳላቸው አቋረጣቸው።

በዚያ ዓርብ፣ ካጫወቱኝ ሁሉ ስለ ማማው ጻፍኩ፤ ስለሚወዛወዘው መሰላል፣ ተሰቅሎ ስለቀረው ወንጭፍ፣ ስልኳን ስለምትጠብቀው የእህት ልጅ። ከወረቀቱ ቀና ሳልል አነበብኩት። ሀብታሙ ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን «ሰፈራቸው ጤና ጣቢያ የለም?» አለ።

«አለ፤ ከማሳቸው ማዶ።»

«ታዲያ መርፌውን እዚያ ይወጉ። ማማው ላይ ልጅቷ ትውጣ፣ እሳቸው ከሥር ቁጭ ብለው ይዘዙ። ማዘዙን እንደሆነ ይችሉበታል።»

መምህራችን በማግስቱ መርምራ፣ ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋግራ ሸኘቻቸው። መርሳን ልንለቅ ስንል አንድ እቅፍ ጥንቅሽ ይዘው፣ በእግራቸው መጡ። «ለዚያች ለዝምተኛዋ» አሉ፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ አንድ ሰው በልቤ እጽፋለሁ። ሥራውን የሚያቀልልኝ ነገር አይደለም፤ አንዳንድ ቀን እንዲያውም ያከብደዋል። ትናንት ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ስሞክር ሳል መጣልኝ፣ ትኩሳት መጣልኝ፣ ቁስል መጣልኝ። አንድም ፊት አልመጣም።

«ወራጅ» አልኩ።

«እንዴ ዶክተር፣ ገና ሳንነሳ?»

ጥንቅሹን እንደያዝኩ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ተመለስኩ። ከበሩ አጠገብ የተኙት አዛውንት ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ወንበር ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ቤት ማን አለ?»