ዶክተሩ ሲዘፍን

ፒያኖ ተጫዋቿ እዚህ ቲያትር ቤት ውስጥ ነው ፀጉሯ የሸበተው። ከመድረኩ በታች፣ ጀርባዋን ለተመልካች ሰጥታ፣ ዓይኗን ከዘፋኞቹ አፍ ሳትነቅል ትጫወታለች። ዘፋኝ ሲያፈጥን ትከተለዋለች፤ ሲዘገይ ትጠብቀዋለች። ማቆም ግን አታውቅም።

ታናሽ ወንድሟን የማያውቀው ሰው የለም። በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ሐኪም ሆኖ ስለሚሠራ መንገድ ላይ አስቁመው "ዶክተር፣ እስቲ ይቺን ጉልበቴን እያት" የሚሉት እናቶች አሉ። የቲያትሩ አዘጋጅ ለአዲሱ ሙዚቃዊ ተውኔት መሪ ተዋናይ ሲፈልግ፣ "ወንድምሽ ይዘፍናል እንዴ?" ብሎ ጠየቃት።

"ልጅ ሆኖ ይዘፍን ነበር" አለች። ውሸት አልነበረም። ሚናው ለእሱ ሆነ፤ ፎቶውም የቲያትር ቤቱን ግድግዳ ሁሉ ሞላው።

የመጀመሪያው ቀን ትርኢት ላይ፣ ሁለተኛው ዘፈን ሲደርስ ወንድሟ መግቢያውን ሳተ። ሳተና ቆመ። አንገቱን ወደ ጎን መለስ አድርጎ አንድ ነገር መጠበቅ ጀመረ። ሌላው ሰው ግራ ሲጋባ እህቱ ወዲያው ገባት። ስቱዲዮ ውስጥ ተዋናይ ሲሳሳት ይቆማል፤ "ካት" ይባላል፤ እንደገና ይጀመራል። እሱም "ካት" እስኪባልለት እየጠበቀ ነበር። የመግቢያውን ዜማ ደጋግማ ብትጫወትለትም ንቅንቅ አላለም። ሲጨንቃቸው የኅብረት ዘፋኞቹ ዘፈኑን ነጥቀው ጨረሱለት። ከኋላ ወንበር አንዱ "ዶክተሩ ራሱ ታመመ" አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ትርኢቱ ሲያልቅ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ምናለ ብታቆሚልኝ?"

"ላንተ ብዬ አዳራሽ ሙሉ ሰው ላስቆም?"

"ከመጀመሪያው እጀምረው ነበር እኮ።"

"እዚህ ቤት ከመጀመሪያው የሚባል ነገር የለም፣ የኔ ጌታ።"

አዘጋጁ በሩ ላይ ቆሟል። ተተኪው ተዋናይ ልብሱን ለክቶ ጨርሶ ነበር። "አንቺው ንገሪኝ፤ ነገ ማን ይውጣ?" አላት። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። ዛሬ ከወረደ ዳግመኛ መድረክ እንደማይረግጥ አሳምራ ታውቃለች።

"እሱ ይውጣ" አለች። "ጠዋቱን ለኔ ተውልኝ።"

በማግስቱ ጠዋት፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ እሱ ሲዘፍን እሷ ሆን ብላ ዜማውን ታበላሽበት ጀመር። አንዴ ትዘልበታለች፣ አንዴ ትሮጥበታለች። ዞር ባለ ቁጥር "ወደኔ አትይ፤ ቀጥል" ትለዋለች።

"አንቺ ሴትዮ አብደሻል" አላት፣ ላብ በላብ ሆኖ።

"አንተም እበድ፤ ብቻ አትቁም።"

ከሰዓት በኋላ፣ ተመልካች ፊት፣ ያንኑ መግቢያ መልሶ ሳተው። አንገቱ ወደ ጎን ሊዞር ሲል አየችው፤ ጣቶቿ ግን አልተደናቀፉም። አንገቱን መለሰና የመጀመሪያውን ስንኝ ትቶ ከሁለተኛው ገባ። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ከመካከለኛው ወንበር አልፎ መሰማቱም ያጠራጥራል። በቴሌቪዥን አገር የሚያስለቅስበትን የዓይኑን ትወና ከፊት ከተቀመጡት በቀር ያየለት የለም። ቢሆንም ዘፈኑን ጫፍ አደረሰው። ጭብጨባው የይሉኝታ ነበር።

ሲወጡ ትኬት ቆራጩ "አትቀየሚኝና፣ ወንድምሽ በቴሌቪዥን ይሻላል" አላት።

"በጣም እንጂ" አለች።

"እንዲህ ነው ለወንድም መቆም?" አለ ዶክተሩ ከኋላዋ።

"ምን ላድርግ፣ ሰውዬው ጆሮ አለው። ነገ የመጀመሪያውንም ስንኝ ካሰማኸን ያኔ እከራከርልሃለሁ።"

ቦርሳዋን ተቀበላትና፣ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምትገባ ጠየቃት።