የመሪጌታ ኪዳነወልድ ጉልበት

መሪጌታ ኪዳነወልድ በማኅሌት መካከል የሚቀመጥ ሰው አይወዱም ነበር። ድምፃቸው ሸጋ ነው፤ ምላሳቸው ግን እንዲያው ሚጥሚጣ! ባምላክ የተባለው ጎልማሳ ደብተራ አንድ ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ ቢል፣ «ምነው፣ እንቁላል ታቀፍህ?» ብለው ማኅሌተኛውን ሁሉ አሳቁበት። ከዚያ ወዲህ ባምላክ ተቀምጦ አያውቅም።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ክረምቱ ሲወጣ የመሪጌታን ቀኝ ጉልበት ይወጋቸው ጀመር። ጸበል ተጠመቁ፣ ቅቤ ታሹ፤ ምንም ጠብ አላለላቸውም። የደብራቸው ንግሥ፣ ኅዳር ሚካኤል፣ እየቀረበ ነው። ታቦቱ ሲወጣ ወረቡን የሚመሩት ከወጣትነታቸው ጀምሮ እሳቸው ናቸው። «ያን ቀን መቆም ካቃተኝ ምኑን ኖርሁት?» ይላሉ።

ባለቤታቸው አመተ ሥላሴ እንዲህ ሲሉ ዝም ብላ የምትሰማ ሴት አይደለችም። ከሚኖሩበት ከፀዳ ባጃጅ ይዛ ከተማ፣ አራዳ፣ ፊዚዮቴራፒ ወደምትሠራው ወደ ሚስጥር ወሰደቻቸው። ሚስጥር የአይከል ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷም ቄስ ናቸው። ጉልበታቸውን አጥፋ ዘርጋ አድርጋ አየችው።

«የጭንዎ ጡንቻ ደክሟል፤ ሸክሙን ሁሉ ጉልበትዎ ብቻውን ይዞታል። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ቀጥ አድርገው ያንሱ፤ ትንሽ አቆይተው በቀስታ ያውርዱ። ጠዋትና ማታ ጥቂት ጥቂት። ቢያብጥ ግን ያቁሙና ይምጡ።»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። የሰሙት ግን የሐኪም ምክር አልነበረም፤ የንስሐ ቀኖና ነው። በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው «ጠዋትና ማታ» ሲባል ሌላ ምን ሊሰማ ኖሯል? ቀኖና ደግሞ በስውር ነው፤ ከታዘዘው መጨመርም ትሩፋት ነው። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ጓዳ ገብተው፣ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን እየደገሙ፣ በየመዝሙሩ እግራቸውን ያነሳሉ። ሲያማቸው ጭራሽ ደስ ይላቸዋል፤ ኃጢአቴ እየተፋቀ ነው ብለው!

አመተ ሥላሴ አንድ ጠዋት ጤፍ ልትሰፍር ጓዳ ብትገባ፣ ባሏ በላብ ተጠምቀው እግራቸውን ሰቅለዋል። ጉልበታቸው አብጦ ሱሪው ሊተረተር ደርሷል።

«ወይ ጉዴ! መሪጌታ፣ ምን ሆነው ነው?»

ተመልሰው አራዳ ሄዱ። ሚስጥር ያበጠውን ስታይ ደነገጠች።

«ማን ጨምሩ አለዎት?»

«መቀነስ እንጂ መጨመር ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው ልጄ?»

የቄስ ልጅ አይደለች? ነገሩ ወዲያው ገባት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እንግዲያው ቀኖና ልስጥዎት» አለች። «እብጠቱ እስኪጎድል ያርፋሉ። ከዚያ ያልሁዎትን ብቻ፤ አንድም አይጨምሩ። የንግሡ ዕለት ማኅሌቱን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያደርሳሉ፤ ለወረቡ ብቻ ይነሳሉ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

መሪጌታ ፀዳ እስኪደርሱ፣ ይህን ከምታዘኝ ሱባኤ ብትከተኝ ይሻለኝ ነበር ብለው በልባቸው አዘኑ። ግን ታዘዙ፤ እብጠቱም ጎደለ።

የንግሡ ሌሊት በርጩማቸውን በነጠላ ሸፍነው ገቡና ተቀመጡ። ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ ሆነ። ሲነጋጋ ባምላክ ወደ እሳቸው መጣ። መሪጌታ እንቁላሉ ሊመጣ ነው ብለው አንገታቸውን ሰበሩ። ባምላክ ግን አጠገባቸው መሬት ላይ ዝርፍጥ አለ።

«እኔም ወገቤን ያመኛል የኔታ፤ ቆይቷል።»

«ምነው እስከ ዛሬ አልነገርኸኝ?»

«እንቁላል ታቀፍህ ይሉኛላ!»

መሪጌታ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። «ተቀመጥ ልጄ» አሉት፤ «ተቀመጥ፣ እኔም ተቀምጫለሁ።»

ረፋድ ላይ ታቦቱ ወጣ፤ ከበሮው ተመታ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። ጉልበታቸው አልከዳቸውም፤ ወረቡን እስከ መጨረሻው መሩት። ደስታቸው ልክ አልነበረውም።

በማግሥቱ ባምላክን በባጃጅ አሳፍረው አራዳ ወሰዱት። ከሚስጥር በር ሳይደርሱ ክንዱን ያዝ አድርገው፣ «ያለችህን ብቻ» አሉት፤ «አንድም እንዳትጨምር!»