ገዳም ልገባ ያልሁባቸው ስምንት ወራት

የሕይወት ዓላማዬን መፈለግ የጀመርሁት በትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ ሱሪው በጠበበ አንድ አሠልጣኝ ምክንያት ነው። ሰውዬው ለደባርቅ መምህራን ሥልጠና ሊሰጥ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ፣ ለእያንዳንዳችን ባዶ ወረቀት አደለና «የተፈጠራችሁበትን ዓላማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ አምስት ደቂቃ አላችሁ» አለን። አጠገቤ የተቀመጠው የስፖርት መምህር ምንም ሳያመነታ «ጡረታ» ብሎ ጻፈና ሻዩን ይጠጣ ጀመር። እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ያልተመለሰ ጥያቄ እንደ ጥርስ ሕመም ነው የሚጠዘጥዘኝ። አምስቱ ደቂቃ አለቀ፤ ወረቀቴ ነጭ እንደሆነ ቀረ። አርባ ሦስት ዓመት ኖሬ፣ አግብቼ ፈትቼ፣ ሃያ ዓመት አስተምሬ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አጣሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላም የለኝም። ራሴን ልመርምር ብዬ ደብተር ገዛሁ። እንደ ልማዴም ሰንጠረዥ አሰመርሁበት፤ ቁጣ፣ ሐሜት፣ ሆዳምነት፣ ትዕቢት። ማታ ማታ የዕለቱን ጥፋቴን በየዓምዱ እጭራለሁ። የቁጣና የሐሜቱ ዓምድ በሳምንቱ ሞላ፤ ሆዳምነትም ከእነሱ ብዙ አላነሰም። የትዕቢቱ ግን ከወር እስከ ወር ንጹሕ ነበር። በዚህ በጣም እኮራ ነበር።

ኅዳር ላይ መልሱ የተገለጠልኝ መሰለኝ፤ መመንኮስ አለብኝ። ከአምባራስ አልፎ፣ ወደ በየዳ መውጫ አንድ የሴቶች ገዳም እንዳለ እሰማ ነበርና ልቤ ወደዚያው ሄደ። ልቤ ብቻ ሄዶ ቢሆን ደግ ነበር፤ ዕቃዬም ሄደ። ወንጌል ያለህን ስጥ ይላል ብዬ፣ ማንንም ሳላማክር፣ ቤቴን በአንድ ቀን ባዶ አደረግሁት። አልጋውን ከጓሮ ላለችው አራስ ሰጠሁ። ቴሌቪዥኑንና ትልቁን ድስት ፊት ለፊቴ ላለችው ጎረቤቴ ሰጠሁ። ካሉኝ ሦስት ብርድ ልብሶች ሁለቱን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉ ነዳያን አከፋፈልሁ። የደባርቅን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ ጽድቅ ነው ወይስ እብደት ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ እኔ አልጠየቅሁም። የሥራ መልቀቂያዬንም ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገዳሙ ያለ ንስሐ አባት ደብዳቤ ሰው አይቀበልም።

የንስሐ አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ሊማሊሞ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት ሰፈር የሚኖሩ፣ ገብስ የሚያርሱ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ያጠመቁኝ እሳቸው፣ ያጋቡኝ እሳቸው፣ ስፈታ የገሠጹኝም እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው ያሉት፤ ልጆቻቸው ዳባትና ጎንደር ኑሮ ይዘዋል። በባጃጅ እስከ አስፋልቱ ሄጄ፣ የቀረውን በእግሬ ወርጄ፣ ግቢያቸው ውስጥ ከኮሶ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ማን ነሽ ልጄ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ስሙን ይናገር ነበር። እኔ ግን ጥያቄው ጥልቅ መሰለኝ፤ ውስጤን ያዩት መሰለኝ። «እሱን እኮ ነው ያጣሁት፣ አባቴ!» ብዬ እዬዬ አልሁ።

«አይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ!» አሉና ሣቁ። ከዚያ ነገሬን ሁሉ በጸጥታ ሰሙኝ። ስጨርስ አገጫቸውን አሻሹና «ምንኩስና መልካም ነው። እንዲያው ግን ገብሱ ይታጨድ» አሉ።

«ገብሱና እኔ ምን አገናኘን?»

«ምንም። ይታጨድ ብቻ። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ የእሑዱን ወንጌል ታነቢልኛለሽ።»

አሃ አልሁ በልቤ፤ ፈተናው ተጀመረ። አባቶች ገዳም መግባት የሚሻን ሰው ግራ በሚያጋባ ትእዛዝ ይፈትኑታል ሲባል ሰምቻለሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ መሬቱን የረገጥሁት አይመስለኝም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ። ግጻዌውን፣ ማለትም በየቀኑ የትኛው ምዕራፍ እንደሚነበብ የሚናገረውን መጽሐፍ፣ እገልጥና የነገውን እፈልጋለሁ፤ ከዚያ ወንጌሉን በግእዝ አነብላቸዋለሁ። ፊደሉን እንጂ ዜማውን አላውቀውም። ግእዝ ሲነበብ የሚነሣ ቃል አለ፣ የሚወድቅ ቃል አለ፤ እኔ ሁሉንም እኩል እደረድረዋለሁ።

«ኧረ ልጄ፣ እሱ ወዳቂ ነው! ምን በደለሽ ብለሽ ነው ጎትተሽ ያቆምሽው?» ይላሉ። ወይም ደግሞ «ቀስ በይ እንጂ፤ ወንጌል ነው፣ የማባዣ ሰንጠረዥ አይደለም።»

እኔ አንዲት ሐረግ አነባለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ከማዶው ተራራ ላይ ተክለው ይደግሟታል። አንዳንዷን ሦስት አራት ጊዜ ያስነብቡኛል። እንዲሠርጸኝ ብለው ነው እል ነበር። ማታ ደብተሬ ላይ «ዛሬ ትዕግሥቴ ጨመረ» ብዬ እጽፋለሁ።

ገብሱ ታጨደ። «አባቴ፣ ደብዳቤዬ?» አልሁ። «ጾመ ነቢያት ይፈታ» አሉ። ገና አለፈ፤ «ጥምቀትን እዚሁ ዋዪ» አሉ። ጥምቀት ዋልሁ፤ ዐቢይ ጾም ገባ። «በጾም ሰው ከአገሩ አይነቀልም» አሉኝ፤ ይህን ከየት እንዳመጡት እስከ ዛሬ አላውቅም። ፋሲካም ወጣ፤ በግንቦት የተዘራውን ጭላዳ ዝንጀሮ እየወረደ ይለቅምባቸው ስለነበር «እስኪ ጭላዳው ይራቅልኝ» አሉ። የስሜንን ጭላዳ የሚያውቅ ይፍረደኝ፤ እሱን ብጠብቅ ኖሮ በመቶ ዓመቴም አልመነኩስም።

እኔ በባዶ ቤት፣ መሬት በተነጠፈ ቁርበት ላይ፣ በአንድ ብርድ ልብስ እየተንዘፈዘፍሁ እጠብቃለሁ። ወጥ መሥራት ሲያምረኝ ፊት ለፊት እሻገራለሁ።

«ድስቴን አውሺኝ።»

«የማንን ድስት?» ትላለች ጎረቤቴ፣ ወገቧን ይዛ።

«…ድስትሽን።»

«እሱማ እሺ። አጥበሽ መልሺ፣ የሰው ዕቃ ነው።»

ቴሌቪዥኔንም እሷ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የማየው፤ ጣቢያ መቀየር አይፈቀድልኝም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ከበሯ ላይ ጮክ ብላ «እማሆይ፣ ዛሬም አልሄዱም?» ትለኛለች። የቁጣው ዓምድ የሚሞላው በአብዛኛው በእሷ ነው።

በሰኔ መጨረሻ፣ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ ግቢውን ባለበሰበት በአንዱ ቅዳሜ፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ሲመነኩሱ ስም ይለወጣልና ምን የሚል ስም ይሰጡኝ ይሆን እያልሁ አማርጥ ነበር። አንዱ ስም ለእኔ አነሰብኝ፤ ሌላው ለፊርማ ረዘመብኝ። በዚህ መሐል ዓይኔ ግጻዌው ላይ አንድ መስመር ዝቅ አለ። የሰኞውን ንባብ የእሑድ ነው ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁላቸው።

«የነገው ይኸ ነው?» አሉ አባ።

«አዎ» አልሁ፣ መጽሐፉን ዳግም ሳላይ።

እሑድ ቅዳሴ ላይ በሴቶች በኩል ከፊት ቆሜያለሁ። ወንጌል ሊነበብ ሲል ረዳት ቄሱ መጽሐፉን ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ገልጠው በአባ ፊት ያዙ። አባ ዓይናቸውን ገጹ ላይ ጣል አድርገው ጀመሩ። ያን ለስላሳ፣ ሳይቸኩል የሚወርድ ድምፃቸውን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ትናንት ያነበብሁት ነው፣ ቃል በቃል።

ረዳት ቄሱ ግን ደነገጡ። አባን አዩ፣ መጽሐፉን አዩ። ከዚያ ገጽ መግለጥ ጀመሩ፤ አሥር ገጽ፣ ሃያ ገጽ፣ ወደ መጽሐፉ መካከል። ወረቀቱ በአባ ዓይን ሥር እየተገላበጠ አባ ማንበባቸውን አላቋረጡም። ረዳት ቄሱ ትክክለኛው ቦታ ሲደርሱ ግንባራቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። አማርኛውን ለምእመናኑ ሲያነብቡም እዚያው ካገኙት ቦታ ላይ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ አድርገው አነበቡ።

ከቅዳሴ ስንወጣ ጎረቤቴን ክንዷን ይዤ «አባ ዓይናቸው ያያል?» አልኋት።

«ዓይናቸው? ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው እኮ! አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው አይደል እንዴ? ሁሉም ያውቃል፤ መቅደስ መግባቱ እንዳይቀርባቸው ብሎ ሁሉም ዝም ይላል። እሳቸው ማንም ያወቀ አይመስላቸውም። አንቺስ ምን ብለሽ ነው ስታነቢላቸው የከረምሽው?»

«እየፈተኑኝ መስሎኝ።»

ሣቋን ነጠላዋ ውስጥ ቀበረችው። እኔ አልሣቅሁም። ስምንት ወር ሙሉ ውስጤን ስቆፍር፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው እንደማያይ አላየሁም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሳልጠራ ሄድሁ። አባ ከኮሶው ሥር ናቸው። ኮቴዬን ሰምተው አንገታቸውን ቀና አደረጉና፣ ሰላምታዬን ሳይጠብቁ «ዛሬ የገጽ ድምፅ ሰማሁ» አሉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባቴ። አንድ መስመር ዝቅ ብዬ ነው። ልቤ እዚህ አልነበረም።»

«ተይው። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ስሰማ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ እነሱም ሲሸሽጉልኝ መኖራቸው ገባኝ። ጽዋውን በያዝሁ ቁጥር ደሙን የማፈስስ ይመስለኝ ነበር። ከእንግዲህ ይበቃል። ለደብሩ አለቃ ነግሬያለሁ።»

ጉሙ የማዶውን ተራራ ጋርዶት ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ወትሯቸው ወደዚያው አዩ።

«ልጄ፣ አንቺ ‘ለምን ተፈጠርሁ’ እያልሽ በመጣሽ ቁጥር፣ እኔ የተፈጠርሁበት ነገር ከእጄ እየወጣ ነበር። አርባ አምስት ዓመት ከመቅደስ በቀር የማውቀው የለኝም። ገብሱ ይታጨድ አልሁሽ፤ ጾሙ ይፈታ አልሁሽ። ገብስም አልነበረ፣ ጾምም አልነበረ። አንቺ ከሄድሽ የሚያነብልኝ የለም ብዬ ነው። የእግዚአብሔርን መንገድ ለራሴ ስል ዘጋሁብሽ።» ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆሙ። «ፍቺኝ።»

ይህን ቃል ሰው ለቄስ ሲል እንጂ ቄስ ለሰው ሲል ሰምቼ አላውቅም። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ስምንት ወር! በቁርበት ላይ! የገዛ ድስቴን እየለመንሁ! ይህን ሁሉ ልናገር አፌን ከፍቼ ቀና ስል፣ ያ ሲቆጣ አገር የሚያንቀጠቅጥ ሽማግሌ ጭንቅላቱን ደፍቶ፣ ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«እግዚአብሔር ይፍታዎ» አልሁ እንደ ምንም። «እኔንም ይፍቱኝ፣ አባቴ። አላየሁዎትም።»

ከጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ ወረቀት አወጡ። ከቅዳሴ እንደወጡ ረዳት ቄሱን አስጽፈውት ኖሯል፤ ደብዳቤዬ ነው። «ይኸው። ሂጂ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ» አሉ።

ደብዳቤው ዛሬም አብሮኝ አለ። አባ አሁን በቅዳሴ ከምእመናኑ ጋር ነው የሚቆሙት፤ ወንጌሉን ቀድመው ማጥናት አያስፈልጋቸውም። እኔ ግን አሁንም እየሄድሁ አነብላቸዋለሁ፤ ወዳቂውን አሁንም አነሣዋለሁ፤ እሳቸውም አሁንም ይቆጡኛል። ገዳሙን አልተውሁትም። አንድ ቀን እሄድ ይሆናል፤ እስካሁን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አልተመቸኝም።

ያን ዕለት ልሰናበት ጎንበስ አልሁ። አባ የእጅ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ዘረጉልኝ። መስቀሉ ከግንባሬ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግራ አልፎ፣ አየር ላይ እየጠበቀኝ ቆመ። ራሴን ወደ ግራ ዘንበል አድርጌ ተሳለምሁት፤ ሳላስበው፣ እንደ ለመደ ሰው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስምንት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። አንገቴ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር።