ለጋዝ ማሞቂያው የበሳሁት ቀዳዳ

ባላፈሰስኩት ጋዝ አሻጥረኛ ተብዬ ታሰርኩ። ቱቦው አያፈስም ነበር። ያኔም ተናግሬያለሁ፣ የሰማኝ የለም። ዛሬ መጻፍ ስለቻልኩ እጽፈዋለሁ።

በ1972 ዓ.ም. አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ። ካምፑ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ፣ ቡልቡላ፣ የጤፍ ማሳ መሃል ነው። ፈረንጆች ጥለውት የሄዱ ተጎታች ቤት ነበረን፤ ጎማ ያለው፣ መኪና የሚጎትተው፣ ግድግዳው ቆርቆሮ። ኃላፊያችን አልጋውን እዚያ አስገባ። ኅዳር ላይ ሜዳው ብርድ ነው፣ ቆርቆሮ ደግሞ ብርዱን ያባብሰዋል። ኃላፊው በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ከመጋዘን አስወጣና "ግጠምልኝ" አለኝ።

ገጠምኩ። ሲሊንደር የሚተኙበት ቤት ውስጥ ስለማይቀመጥ ውጭ መጎተቻው ብረት ላይ አሰርኩት። የመዳብ ቱቦውን በወለሉ ሥር አሳለፍኩ፣ እንዳይንቀጠቀጥ ወለሉን ከተሸከመው ብረት፣ ከሻንሲው ጋር አጥብቄ አሰርኩ፣ ቆርቆሮውን በሚያልፍበት ቦታ ስለቱ እንዳይበላው ጎማ አለበስኩት። ከዚያ መጋጠሚያዎቹን በሙሉ ሳሙና ቀባሁ። የሚያፈስ ቢኖር አረፋው ይነፋ ነበር፤ አንዱም አልተነፋም። በመጨረሻ ማሞቂያው አጠገብ ወለሉን መዳፍ የሚያህል በሳሁት። እሳት አየር ይበላል፤ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው አየር የሚገባበት ያስፈልገዋል።

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አየ።

"ጓድ፣ ሙቀት አምጣ ብልህ ለብርዱ በር ከፈትክለት?"

"እንዳይደፍኑት። ከደፈኑት ይታፈናሉ።"

"ብርድ ከገደለኝ አንተን ነው የምጠይቀው።"

"ከሞቱ በኋላ?" አልኩት።

ሳቀ። ያኔ ከእኔ ጋር ይስቅ ነበር።

ዘበኛችን የቡልቡላ ሽማግሌ ነበሩ። ካምፑ ያረፈው እሳቸው ያርሱት በነበረው መሬት ላይ ነው። ዘበኝነቱን የሰጣቸው ኃላፊው ስለሆነ እሱን እንደ ልጃቸው ያዩታል። በማግስቱ ኃላፊው ጎኑን ይዞ "ከሥር ንፋስ መታኝ" ሲል ሰሙ። ጭቃ በጭድ አቦኩ፣ ተጎታቹ ሥር ገቡ፣ የቤታቸውን ግድግዳ እንደሚመርጉት ቀዳዳዬን ጥርቅም አድርገው መረጉት። ለማንም አልተናገሩም። እኔም ያወቅኩት በኋላ ነው።

በነጋታው ጠዋት ኃላፊው ቢጠራ አይሰማም። በሩን ሰብረው ሳር ላይ አወጡት። አስመለሰው፣ ሆስፒታል ወሰዱት፣ ዳነ። እኔን ጋዝ አፈሰሰበት ብለው ቁርሴን ሳልጨርስ ቀበሌ ወስደው አሰሩኝ። መርማሪው ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር።

"ማን ላከህ?"

"ኃላፊው። ማሞቂያ ግጠም ብሎ።"

በጥፊ አለኝ።

"ሳሙና ቀቡና ቱቦውን እዩት" አልኩ።

"ሳሙናህን ታጠብበት።"

ሽማግሌው እሁድ እሁድ ቆሎ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። አንድ እሁድ መሬት መሬት እያዩ "ልጄ፣ ያቺን ቀዳዳ የመረግኳት እኔ ነኝ። ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው" አሉኝ።

ምንም አልተሰማኝም። ቆሎውን ቆረጠምኩ።

"ሄደው ይንገሩልኝ።"

"እኔንስ ቢያስሩኝ?"

"ያስሩዎታል። እኔም ታስሬያለሁ።"

ተነስተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ እሁድ መጣ ሄደ፣ እሳቸው የሉም። እስር ቤቱ ውስጥ መሠረተ ትምህርት ይሰጥ ስለነበር ፊደል ቆጠርኩ፤ ከዚያ ቤት ይዤ የወጣሁት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ላይ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሽማግሌው የተናገሩ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ያንንም ተውኩት።

ክረምት ሊገባ ሲል ጠሩኝ። ኃላፊው ከመርማሪው ጎን ተቀምጧል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ተናግረዋል።

"አባባ ለእኔ አስበው ነው" አለ ኃላፊው። "ይሄ አሻጥር አይባልም።"

"የእኔስ?" አልኩ።

"አንተ ባትበሳው ኖሮ አባባ የሚደፍኑት ነገር አይኖርም ነበር።"

መርማሪው "ልክ ነው" አለ።

ሽማግሌው እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ክንዳቸውን ይዤ አቆምኳቸው። ይቅር አላልኳቸውም፣ አልረገምኳቸውምም።

ያን ዕለት ለቀቁኝ፤ ሥራዬን ግን አልመለሱልኝም። ስሜ አሻጥረኛ እንደተባለ ነው፣ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ የትም አይቀጥሩትም። መሥሪያ ቤቱ ስሄድ "ጉዳይህ ይታያል" ይሉኛል፣ ተመልሼ እመጣለሁ፣ "ይታያል" ይሉኛል። ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን ጥፋት እንዳልተገኘብኝና ወደ ሥራዬ እንድመለስ የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ጸሐፊዋ ልታነብልኝ እጇን ዘረጋች፤ አልሰጠኋትም። መተላለፊያው ላይ ቆሜ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ራሴ እስከ ታች አነበብኩት፤ ጥቅምት 6 ቀን 1973 ዓ.ም.።