በግማሽ የሚዋጥ ድምፅ

ሰፈሩ ልብስ ሰፊዋን የሚያውቃት ከስፌቷ ይልቅ በጉሮሮዋ ነው። የእናቷን ቋንቋ የሚናገሩ በከተማው የቀሩት እሷና በጓዳ ክፍል የምትኖረው ታላቅ እህቷ ብቻ ነበሩ። ቋንቋው አንድ ጉደኛ ድምፅ አለው። የምላስ ሥር ወደ ኋላ ይሳባል፤ ጉሮሮ ምራቅ ሊውጥ እንደተዘጋጀ ሰው ጥብቅ ይላል፤ መዋጡ ሳያልቅ ትንፋሽ ከሥር ገፍቶ ይወጣል። አንዲት ደንበኛ አጥንት የተሰነቀረባት መስሏት፣ ለልክ የለበሰችውን ቀሚስ ከነመርፌው እየጎተተች ሮጣ ጀርባዋን ደልቃታለች።

የሁለቱም ስም የሚጀምረው በዚሁ ድምፅ ነው፤ ፊደል ስለሌለው እዚህ አይጻፍም። በእነሱ ቤት በር አይንኳኳም። ደጅ ያለው የውስጡን ሰው ስም ይጠራል፣ ውስጥ ያለው በዚያ ድምፅ ይመልሳል፤ ሳይመለስለት የገባ ከሌባ አይለይም። እናታቸው በዚህ ቀልድ አያውቁም ነበር።

እህት ሞተች። ልብስ ሰፊዋ ግን ጠዋት ጠዋት ጓዳው በር ላይ ቆማ መጥራቷን አልተወችም። የሚመልስ ስለሌለ አትገባም፤ ክፍሉ እንደተዘጋ ቀረ። ሴት ልጇ፣ "እማዬ፣ በቃ ተዪው፤ ሰው ምን ይላል?" ስትላት፣ "እትዬ ድሮም ቶሎ አትመልስም" ብላ ትስቃለች። ሳቁ ልጅቷን ያስፈራት ነበር።

በዓመቱ በልብስ ሰፊዋ ጉሮሮ ውስጥ እብጠት ተገኘ። ሐኪሙ መውጣት አለበት አለ።

"ንግግርዎ ብዙም አይጎዳም።"

"ይሄስ?" አለችና ድምፁን አሰማችው።

ሐኪሙ ከነወንበሩ ፈቀቅ አለ። "እሱ እንኳ የሚመለስ አይመስለኝም። ለምን ይፈልጉታል?"

ልጇን አስከትላ ወጣች። መንገድ ላይ ግን ለልጇ፣ "መጥራቴን ካቆምኩ የረሳኋት ይመስላታል" አለች።

"ሳይቃጠል በቅጠል፣ እማዬ። ለእኔም አስቢልኝ እንጂ" ብላ ልጅቷ አለቀሰች። እናት በልጇ እንባ ተሸነፈች።

ሐኪሙ እንዳለው ሆነ። ቁስሉ ሲድን ንግግሯ ተመለሰ፣ ድምፁ ግን ጠፋ። ጠዋት በሩ ላይ ትቆማለች፣ ባዶ ትንፋሽ ታወጣለች፣ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሱሪ እግር እያሳጠረች ሳለ፣ ልጅቷ እጇን እያደራረቀች ከማድ ቤት ወጣች። ፊቷ በርቷል።

"እማዬ፣ ድምፅሽ ተመለሰልሽ እኮ። አሁን ሰማሁሽ።"

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። "እኔ አልተናገርኩም።"

ያኔ ደግሞ ተሰማ። ከተዘጋው የጓዳ በር ወዲያ የልብስ ሰፊዋ ስም ተጠራ፣ ከነመጀመሪያው ድምፅ። ልግባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጠራር ነበር።

በሩ ጋ ደረሰች። ጉሮሮዋን አጠበቀች፣ ገፋች፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። "አለሁ እትዬ፣ ግቢ" አለች። በዚያ ቤት ግን ይህ መልስ አይባልም።

የልጇን እጅ ይዛ ጠባሳዋ ላይ አሳረፈችው። "እንደምትውጪ ሁኚ። መሃል ላይ ያዢው።"

ልጅቷ ሞከረች፤ ሳል ሆነባት። ከተማ ተወልዳ ምን ያደርግላታል ተብሎ አልተማረችውም ነበር።

ከበሩ ወዲያ ያለችው ጠበቀች። ከዚያ የጫማ ኮቴ እየተጎተተ ወደ ውስጥ ራቀ። ልጅቷ እጀታውን ልትይዝ ስትል እናቷ ከለከለቻት።

"ተዪ። እሷ ሳይመለስላት አልገባችም፤ እኛም አንገባም።"

በሩ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ልጇን አጠገቧ ሳበቻት።

"በይ፣ እንደገና ዋጪ።"